በገጽ 87 ላይ የተንበረከከችውን ሴት ስለማስነሣት

ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጂንካ

ለወርቀ ዘቦ አሳታሚ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ወገብዎ የጸና፣ በተለይም ዐይንዎ የጠራ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። ዐይንዎን ለይቼ ያነሣሁት ባለፈው ዓመት ያሳተሙትን መጽሐፍ እስካሁን ለማንበብ ጊዜ እንዳላገኙ ስለገባኝ ነው። እኛ ደኅና ነን፤ ዝናቡ አልከፋም፣ መንገዱ እንደ ልማዱ ጭቃ ነው፣ የእናንተም ስም በከተማችን በየዕለቱ ይነሣል።

ስሜ ባዩሽ ተሰማ ይባላል። በዚህ ከተማ የመምህር መኮንን ሚስት እየተባልኩ ኖሬ፣ እሱ በ1993 ዓ.ም. ካረፈ ወዲህ ደግሞ የመምህር መኮንን ባልቴት እየተባልኩ እኖራለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት ካገባሁ በኋላ፣ ባለሱቆች ስኳርና ጨው ይጠቀልሉበት ከነበረው አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። ወሬውን ከመካከሉ አንብቤ የጎደለውን መጨረሻ ከራሴ መሙላት ያን ጊዜ ለመድኩ፤ ይህ ልማድ ምን እንዳመጣ ዝቅ ብዬ እነግርዎታለሁ። ስለዚህ ለታላቅ ድርጅት ስጽፍ አጻጻፌ ቢጎረብጥዎ፣ ለሌሎች ያደረጉትን ዐይነት ትዕግሥት ለእኔም እንዳይነፍጉኝ።

«የ2017 ድምቀቶቻችን» የሚለው መጽሔታችሁ ከመጻሕፍት ካርቶን ጋር እስከ ጂንካ መጥቶልኝ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ወረቀቱ ዝንብ ብታርፍበት ያንሸራትታታል። ከዐሥራ ሁለቱ ገጾች አራቱ የሚናገሩት ስለ አንድ መጽሐፍ ነው፤ ይኸውም አቶ በእምነት የተባሉት ሰው ስላዘጋጁት፣ «የዝምተኞቹ ምድር ጥበብ» ስለተባለው የአሪ ተረቶች ስብስብ። እኔም በእናንተው ቅደም ተከተል ድምቀቶቻችሁን አንድ በአንድ እያነሣሁ ምስጋናዬን ለማቅረብ ፈቃድዎን እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ «የዓመቱ ምርጥ ሽፋን» ስለተባለው። ተረቶቹ የአሪ ናቸው፤ በሽፋኑ ላይ የምትስቀው ልጅ ግን ፀጉሯን በቅቤና በቀይ ጭቃ የተቀባች የሐመር ልጅ ናት፤ ፎቶው የተነሣውም ዲመካ ገበያ ላይ እንደሆነ ከኋላዋ የቆሙት ሚኒባሶች ይመሰክራሉ። ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ገበያ ላይ መጽሐፉን ያየ አንድ የአሪ ገበሬ «ሐመር የእኛን ተረት ማውራት የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አጠገቡ ፍየል ይዞ የቆመው ሐመር «እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ልጃችን እናንተ ቤት ገብታ ቀርታለች፣ መልሱልን» ብሎ ሰዉን ሁሉ አስቆታል። ከአዲስ አበባ ሆኖ ሲያዩት የደቡብ ኦሞ ሰው ሁሉ አንድ መልክ እንደሚኖረው እረዳለሁ። ከዚህ ሆነን ስናይ አሳታሚ ሁሉ አንድ መልክ አለውና ተካክሰናል።

ሁለተኛ፣ «ሰባት ዓመት የፈጀ የመስክ ጥናት» ስለተባለው። አቶ በእምነት በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ጂንካ መጥተው ዐሥራ አንድ ቀን ሰንብተዋል። ውሏቸውን አውቃለሁ፤ ሰባቱን ምሳ የበሉት እኔ ቤት ነውና። ተረቶቹን የሚያውቁት ሰዎች ከነሪ ወንዝ ማዶ ይኖራሉ ብዬ ነግሬያቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ጫማቸውን ተመልክተው «ጭቃው ይድረቅ» አሉ። ግንቦት ውስጥ ጭቃ እንደማይደርቅ የሚነግራቸው ሰው አላጡም። በአምስተኛው ቀን ባሌ የሰበሰባቸውን ተረቶች የገለበጥኩባቸውን ሁለት ደብተሮች አውጥቼ አሳየኋቸው። «እትዬ ባዩሽ፣ ይህማ ሀብት ነው! ለሁለት ሳምንት ብቻ ያውሱኝ፤ ፎቶ ኮፒ አድርጌ በፖስታ እመልሳለሁ» አሉኝ። ከዚያች ቀን እስከ መጽሐፉ መውጫ ድረስ ቢቆጠር ልክ ሰባት ዓመት ይሆናል። ፈጀ የተባለው ሰባት ዓመት እሱ ከሆነ ቁጥሩ ሳይዛነፍ መቀመጡን አደንቃለሁ።

በመግቢያቸው ላይ ሾፌራቸውን በስም፣ የሆቴሉን ባለቤት በስም፣ ባለቤታቸውን ስለ ትዕግሥቷ ከነአባቷ ስም አመስግነው ሲያበቁ፣ «መላውን የጂንካና የአካባቢዋን ሕዝብ» አመስግነዋል። ከመላው ሕዝብ አንዷ በመሆኔ ድርሻዬ ደርሶኛል፤ ተጨማሪ አልሻም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ ራሴ ስም የመሰለው ሰው ካለ እዚህ ላይ ማንበቡን ቢያቆም አልቀየምም።

ሦስተኛ፣ በመጽሔታችሁ ገጽ አምስት ላይ ስለ ወጣው ፎቶግራፍ። ግንቦት ላይ መጽሐፉ እዚህ በከተማው አዳራሽ በተመረቀበት ቀን የተነሣ ነው። ከሥሩ «አንዲት አዛውንት ከአዘጋጁ ሲማሩ» ተብሎ ተጽፏል። አዛውንቷ እማማ አየለች ይባላሉ። ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ ከነሪ ማዶ ጭቃ እየቆፈሩ ገንቦና ድስት ሠርተው ቅዳሜ ቅዳሜ በጂንካ ገበያ ሲሸጡ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። በዚህ ደብዳቤ «አንቱ» ስላቸው በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው፤ በዕድሜ ዐሥራ ሁለት ዓመት ይበልጡኛል፣ እኔ ግን ዘመኔን ሁሉ «አንቺ» ስላቸው እሳቸው «እትዬ» ይሉኝ ነበር።

ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ለሰባት ዓመት ያህል፣ ከገበያ ሲመለሱ ደጃችን ላይ አረፍ ብለው ለባሌ ተረት ይነግሩት ነበር፤ እሱም በደብተሩ ይጽፍ ነበር። ደጃችን ላይ ያልኩት በምክንያት ነው። ሸክላ ሠሪ ቤት አይገባም በሚባልበት ደንብ ያደግሁ ነኝና አንድም ቀን ግቢ አላልኳቸውም። ውሃ ሲጠይቁኝ ከቅል አፈስላቸው ነበር፤ በመዳፋቸው ይጠጡ ነበር።

ከነገሩት ሁሉ ባሌ የሚወድደው አንዱን ነበር። አንድ ባላባት ሸክላ ሠሪዎች ከምንጩ እንዳይቀዱ ይከለክልና፣ ምንጩን በሙሉ ለብቻው የሚያስቀርለት ገንቦ እንድትሠራለት አንዲቱን ሸክላ ሠሪ ያዝዛታል። ሠርታ ትሰጠዋለች፤ እሳት ግን አላስነካችውም። ምንጩ ሲገባበት ገንቦው ጭቃ ሆኖ ይሟሟል፣ ውሃው መንገዱን ይዞ ወደ ወንዙ ይሄዳል፣ ባላባቱም ጭቃው መካከል ቆሞ ይቀራል። ሴትዮዋ ከዚያው ጭቃ በሁለት እጇ ዘግና፣ ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ፣ «ጥሩ ጭቃ ነው» ትልና ለመንደሯ ሌላ ገንቦ ትጀምራለች።

በመጽሐፋችሁ ገጽ 87 ላይ ግን ሴትዮዋ ትንበረከካለች። ታለቅሳለች፣ አጠፋሁ ትላለች፤ ባላባቱም ይምራትና ከእንግዲህ ከምንጩ በቅጠል እየቀዳች እንድትጠጣ ይፈቅድላታል።

በምርቃቱ ቀን የመድረክ መሪው ተረት የሚያውቅ ካለ ይነሣ ሲል እማማ አየለች ተነሡ። ይህንኑ ተረት ነገሩ፤ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ግን አቶ በእምነት መጽሐፉን ከፍ አድርገው ፈገግ እያሉ «እማማ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ረስተውታል። ትንበረከካለች» አሉ።

«ማን?»

«ሴትዮዋ ናታ።»

«እሷ? ለምን ብላ? ምን አጠፋች?»

«ገንቦውን አበላሽታለቻ፣ እማማ!»

«ኧረ አላበላሸችም። እንዲፈርስ ነው የሠራችው። ሥራ ታውቃለች እኮ።»

ሰዉ ሳቀ፤ የሳቀው ለእማማ አየለች እንደነበር ግን አቶ በእምነት ልብ አላሉም። «ዕድሜ ነው፣ እማማ፣ አይፈረድብዎትም» አሉ፤ «እኛ የምንጽፈው ለዚህ አይደል? እናንተ ስትረሱ መጽሐፉ ያስታውሳችኋል።» ይህ ሲባል የፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት እንግዶች አጨበጨቡ፤ አንዱ መጥቶ ማይክሮፎኑን ከእጃቸው ወሰደ። ፎቶግራፉ የተነሣው በዚህች ቅጽበት ነው፤ የተዘረጋው እጅ የሚማር ሰው እጅ ሳይሆን ማይክሮፎን የተነጠቀ ሰው እጅ ነው። «እኔ አልረሳሁም» ብለው ነበር፤ ድምፅ ማጉያው ስላልነበረ የሰማነው ቀረብ ያልን ብቻ ነን። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። መጨረሻው ከየት እንደመጣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ከነጠላዬ ሥር እጄን አጣጥፌ ዝም አልኩ።

አራተኛ፣ ስለ ሽልማቱና ስለ ሐያሲው ቃል። «ለአራት መቶ ዓመታት ሳይበረዝ የቆየ የይቅርታ ፍልስፍና፤ በተለይ የሸክላ ሠሪዋ መንበርከክ የአሪን ሕዝብ ነፍስ ያሳያል» የሚለውን በወርቃማ ፊደል አትማችሁታል፤ መጽሐፉ የተሸለመውም በዚሁ ተረት ጥልቀት እንደሆነ ገልጻችኋል። ክቡርነትዎ ሳይደክሙ እንዲያውቁት፣ ይህ ፍልስፍና ዕድሜው ሃያ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላውም። የተወለደው በ1995 ዓ.ም. ክረምት፣ እዚህ ቤት፣ እኔ ምስር እየለቀምኩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሌ በሞተ በሁለተኛው ዓመት ሣጥኑን ስከፍት ምስጥ ደብተሮቹን ጀምሯቸው ኖሮ፣ የተረፈውን በእጄ መገልበጥ ያዝኩ። የዚህ ተረት ገጽ «ገንቦው ጭቃ ሆነ» ከሚለው በታች ተበልቷል። እማማ አየለች በሕይወት አሉ፤ ቤታቸው የአርባ ደቂቃ መንገድ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ላይ አያቸዋለሁ። መጨረሻው ምን ነበር ብሎ ለመጠየቅ ከአንድ ቃል በላይ አያስፈልግም ነበር። የመምህር መኮንን ባልቴት ግን ሸክላ ሠሪ ፊት ቆማ ትጠይቅ? ከራሴ ሞላሁት። ሸክላ ሠሪ ባላባት አዋርዳ እንዲያው ቀና ብላ ትሄዳለች የሚል ነገር በእኔ ጭንቅላት ሊመጣ አይችልም ነበርና አንበረከክኋት፤ ከዚያም በቸርነቴ ውሃ ሰጠኋት፣ በቅጠል። ቅጠሉ ከየት እንደመጣብኝ ዛሬ ዛሬ ይገባኛል።

ሌላም አለ። ባሌ በእያንዳንዱ ተረት ራስ ላይ የነገረውን ሰው ስም ይጽፍ ነበር፤ ከሃያ ስድስቱ ዐሥራ ስምንቱ ላይ «አየለች» የሚል አለ። ስገለብጥ ስሞቹን ተውኳቸው። ለጠየቀኝ ሁሉ ወረቀት ለመቆጠብ ነው እል ነበር። ወረቀት ነበረኝ። የተውኳቸው የሸክላ ሠሪ ስም ከባሌ ስም ጎን ተደርድሮ እንዳላይ ብዬ ነው። አቶ በእምነት የተረከቡት ባለቤቶቹ የተፋቁለት ደብተር ነበር፤ የፋቅሁት እኔ ነኝ፣ እሳቸው የራሳቸውን ጻፉበት። ስለዚህ አቶ በእምነትን ሌባ ብዬ ስጠራ የሥራ ባልደረባ ናፍቆት እንጂ ጥላቻ እንዳይመስልብኝ አደራ።

መጽሔታችሁ የደረሰኝ ቀን ከእማማ አየለች የልጅ ልጅ ከመምህርት ቤቴል ጋር ነሪን ተሻገርኩ። በስልሳ ስምንት ዓመቴ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ። የባሌን ደብተርም መጽሐፉንም ዘርግቼ ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ጭቃ እየረገጡ ነበር፤ አላቋረጡም።

«አንቺ ነሽ ያንበረከክሻት?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ እኮ ያን ሰውዬ ነበር የምረግመው። በከንቱ አደከምሽኝ።» ትንሽ ረገጡና «ሰባት ዓመት ደጅሽ ላይ ተቀመጥኩ። እኔ ደጅ አንድ ቀን ብትመጪ ምን ነበረበት?» አሉ።

ውሃ ቀዱ፤ መጀመሪያ ራሳቸው ጠጡበትና በዚያው ዋንጫ ለእኔ ሰጥተው ዐይን ዐይኔን ያዩ ጀመር። ጠጣሁት። «ኋላ ታመምኩ እንዳትዪ!» ብለው ሳቁ፤ ቤቴልም ሳቀች። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ስማቸውን በመጽሐፉ ላይ አስገባለሁ ብዬ ስምል ግን እጃቸውን አወናጨፉ። «ስሜን ተዪው፣ ስሜን አውቀዋለሁ። ይልቅ ሴትዮዋን አንሺያት። ጉልበቷ ስንት ጊዜ ይላጥ?»

አምስተኛና የመጨረሻው፣ «ኅዳር ላይ ለደቡብ ኦሞ ትምህርት ቤቶች የሚታተም ሁለተኛ ዕትም» የሚለው ድምቀታችሁ። መምህርት ቤቴል አራተኛ ክፍል ታስተምራለች። ከልጆቿ ሰባቱ የሸክላ ሠሪ ልጆች ናቸው፤ እርስዎ ያተሙት ሲደርሳት ሰባቱን አስቁማ፣ አያቶቻቸው አጥፍተው ተንበርክከው በቅጠል ውሃ የተሰጣቸው መሆኑን ጮክ ብለው እንዲያነብቡ ማድረግ አለባት። እኔ በአንድ ክረምት የሠራሁትን በደል እናንተ በሺህ ቅጂ፣ በደማቅ ቀለም፣ ከነመልመጃ ጥያቄው ልታዳርሱልኝ ነው። በራሴ ዐቅም እዚህ ድረስ ላደርሰው አልችልም ነበርና ስለ ትጋታችሁ ከወገቤ ዝቅ ብዬ አመሰግናለሁ፤ ከወገቤ ብቻ፣ ከዚያ በታች ግን አልወርድም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የማመለክተው ይህን ነው፦ ገጽ 87 እማማ አየለች እንደተናገሩት ይስተካከል፤ በዐሥራ ስምንቱ ተረቶች ራስ ላይ የእሳቸው፣ በቀሩት ስምንቱ ላይ የየነጋሪዎቹ ስም ይመለስ፤ ስሜን ተዪው ቢሉም ይመለስ፣ እሱን እኔ የማስመልሰው ስለ ራሴ ዕዳ ነው። በመግቢያውም ላይ የገጽ 87ን የቀድሞ መጨረሻ የፈጠረችው ባዩሽ ተሰማ የተባለች የጂንካ ነዋሪ እንደሆነች፣ የአራት መቶ ዓመት ፍልስፍናም እንዳልነበረ በግልጽ ይጻፍ። ለዚህ ሁሉ ማስረጃ የሚሆኑት ከምስጥ የተረፉት የባሌ ደብተሮች፣ በእጁ ጽሕፈት፣ ከነስሙና ከነቀኑ በእጄ አሉ። እነዚህን ለአቶ በእምነት ያላሳየኋቸው ቀዳዳቸው አሳፍሮኝ ነው፤ አሁን ቀዳዳው ደስ ይለኛል። ፎቶ ኮፒያቸውን ለሽልማቱ ሰጪዎች፣ ለሐያሲውና ለዞኑ ትምህርት መምሪያ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በአንድ ቀን ልኬያለሁ፤ ሐያሲው ስለ እኔ ነፍስ ምን እንደሚሉ ለማንበብ ጓጉቻለሁ። ጉዳዩ ሸንጎ ፊት ቢደርስም ራሴን ጨምሬ ለመክሰስ ዝግጁ ነኝ፤ የሚያጣው ክብር ያለው ሰው ይፍራ።

ረጅም ዕድሜ፣ ብዙ ዕትም፣ እያንዳንዱን የሚያነብብ ጥሩ መነጽር እየተመኘሁልዎ፣ ለአቶ በእምነትም ነሪ ውሃው ጎድሎ መሻገሪያው ክፍት መሆኑን፣ ማዶም አንዲት አዛውንት የረሱትን ለማስታወስ እንደሚጠብቋቸው እንዲነግሩልኝ እየለመንኩ፣ በአክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

ባዩሽ ተሰማ
የገጽ 87 ሐሰተኛ ደራሲ

ማስታወሻ፦ ኅዳርን ከመጠበቅ በሚል ትንሽ እገዛ ማድረጋችንን ሳልነግርዎ ብቀር ነውር ይሆንብኛል። በጂንካ የንባብ ቤትና በትምህርት ቤቶቹ የሚገኙትን ስልሳ ሦስት ቅጂዎች፣ በቀይ አፈር ከተማ ያሉትንም ሃያ አንድ፣ ከመምህርት ቤቴል ጋር ዞረን ትክክለኛውን መጨረሻ በገጽ 87 ላይ ለጥፈንበታል፤ የፊታችን ማክሰኞ ዲመካ እንወርዳለን። የንባብ ቤቱ ኃላፊ አይተው «እኔ አላየሁም፤ ደግሞ ጠርዙን አስተካክሉት» ብለውናል። ማጣበቂያው ከበቆሎ ዱቄት የተሠራ ሲሆን እጅግ ይጠነክራል፤ ለመላጥ የሚሞክር ሰው የመጽሐፉን ቅጠል እንዳለ ይገነጥለዋል። በዚያው ቅጠል ጀርባ፣ በገጽ 88 ላይ፣ «አዘጋጁ በመስክ ሥራ ላይ» የሚለው የአቶ በእምነት ፎቶግራፍ ስላለ፣ እንዲላጥ ከማዘዝዎ በፊት እሳቸውን ቢያማክሩ መልካም ነው።